የቡሃቃው እርሾ፦ ስለ ቨርሞንቱ ሊበርቲ ዩኒየን

የፖለቲካ ፓርቲን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከድሉ ነው። ስንት መቀመጫ አገኘ፣ ስንት ዓመት ገዛ፣ ምን ዐዋጅ አወጣ፣ መሪው ማን ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፓርቲ የሚቋቋመው ሥልጣን ለመያዝ ነውና። ይሁን እንጂ በዚህ ቁና ብቻ ሲሰፈር ወደ ውጭ የሚፈስ ብዙ እህል አለ። አንድም ጊዜ የገዥነቱን ወንበር ሳይዝ፣ በየምርጫው ከመቶ አንድና ሁለት ድምፅ እየለቀመ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የዘለቀ ፓርቲ ምን ይባላል? ከንቱ ድካም ነውን? ወይስ ሌላ መስፈሪያ ይሻል?

ይህን ጥያቄ በአእምሮዬ ያሳደረብኝ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በምትገኘው በትንሺቱ የቨርሞንት ክፍለ ግዛት በ1970 የተቋቋመው የሊበርቲ ዩኒየን ፓርቲ ነው። ስሙ በአማርኛ «የነፃነት ኅብረት» እንደ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ ናቸው ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቨርሞንትን በእግሬ አልረገጥኋትም፤ የፓርቲውንም ታሪክ የማውቀው በጽሑፍ ከተመዘገበው ነው። ነገር ግን ፓርቲው የተወለደበትና የተከፈለበት ዘመን የእኔም ትውልድ በየውይይት ክበቡ ተሰብስቦ ስለ መደብ ትግል ሌሊቱን ሲከራከር ያነጋበት ዘመን ነው። ስለዚህም ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር የራሴን ዘመን በሌላ ሕዝብ መስተዋት የማየው ይመስለኛል። ይህ ጽሑፍ ዜና መዋዕል ሳይሆን የአንድ ተመልካች አስተያየት ተደርጎ እንዲነበብ እሻለሁ።

ቨርሞንት የተራራ፣ የደንና የወተት ላም አገር ናት። በ1970 የሕዝቧ ቁጥር 445,000 ያህል ብቻ ነበር። ርእሰ ከተማዋ ሞንትፒሊየር ከአሜሪካ የክፍለ ግዛት ርእሰ ከተሞች ሁሉ በሕዝብ ብዛት የምታንሰው ናት። ይህች አገር ወደ አሜሪካ ኅብረት የገባችው በ1791 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ራሷን የቻለች ሪፑብሊክ ነበረች፤ በ1777 ባወጣችውም ሕገ መንግሥት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በባርነት እንዳይያዝ ደንግጋለች። በየዓመቱም በማርች ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ የየመንደሩ ነዋሪ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የመንገዱን፣ የትምህርት ቤቱንና የግብሩን ነገር ተከራክሮ የመወሰን ልማድ አላት። ይሁንና ይህች የሸንጎ አገር በክፍለ ግዛት ደረጃ ከመቶ ዓመት በላይ የአንድ ፓርቲ ርስት ሆና ነው የኖረችው። ሪፐብሊካን ፓርቲ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ገዥነቱን ለማንም ሳያስነካ ቆይቶ፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰው ዴሞክራቱ ፊሊፕ ሆፍ በ1962 ባሸነፈ ጊዜ ነው።

ሊበርቲ ዩኒየንን ከጠነሰሱት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሜየር ነው። ሜየር የደን ባለሙያ ነበር። በ1958 ከመቶ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ዴሞክራት ሆኖ ቨርሞንትን በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት እንዲወክል ተመረጠ። በምክር ቤቱም የኑክሌር ጦር መሣሪያ ሙከራ ይቁም፣ ለሕዝባዊት ቻይና ዕውቅና ይሰጥ ብሎ ተናገረ። እንዲህ ያለውን ቃል ያን ጊዜ በዋሽንግተን መናገር ደፋርነት ይጠይቅ ነበር፤ ሜየርም በ1960 ምርጫ ተሸንፎ ወደ ተራራው ተመለሰ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ የቬትናም ጦርነት የሁለቱን ትልልቅ ፓርቲዎች እጅ በደም በነከረበት ሰዓት፣ ሜየር፣ ሕግ የተማረው ፒተር ዳይመንድስቶን፣ ወደ ቬትናም አልዘምትም ያለው የጦር መኮንን ዴኒስ ሞሪሶና ሌሎች ጓደኞቻቸው በዌስት ሩፐርት መንደር በሜየር ቤት ተሰብስበው ፓርቲውን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ሜየር ለሴኔት ተወዳደረ። ያገኘው ድምፅ ከመቶ 1 እንኳ አልሞላም።

ለትንሽ ፓርቲ የምርጫው ሕግ ራሱ ገሚሱ ጠላት፣ ገሚሱ ወዳጅ ነው። ጠላትነቱ እንዲህ ነው፤ በአንድ ወንበር አንድ ሰው ብቻ በሚያሸንፍበት ሥርዓት፣ ከመቶ 10 ድምፅ ያገኘ ፓርቲ የወንበሩን አንድ አሥረኛ አያገኝም፤ ምንም አያገኝም። ከዚህም የተነሣ መራጩ «ልቤ ከእናንተ ጋር ነው፣ ድምፄ ግን እንዳይባክን» ይላል። የባሰም አለ፤ ለግራው ትንሽ ፓርቲ የተሰጠው ድምፅ ከመካከለኛው ተቀንሶ ለቀኙ መንገድ ይጠርጋል ተብሎ፣ ወዳጅ የነበረው ሁሉ በምርጫ ማግሥት ጣቱን ይቀስራል። ወዳጅነቱ ደግሞ ይኸውና፤ በቨርሞንት ሕግ አንድ ፓርቲ ለክፍለ ግዛቱ በሙሉ ከሚመረጡት ሹመቶች በአንዱ እንኳ ከመቶ 5 ድምፅ ካገኘ «ዐቢይ ፓርቲ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የዕጩዎቹም ቅድመ ምርጫ እንደ ትልልቆቹ በመንግሥት ወጪ ይካሄዳል። ምርጫውም በየሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ የተሸነፈው አቧራውን አራግፎ ለመነሣት ብዙ መጠበቅ አያስፈልገውም።

በ1971 ፓርቲው በፕሌንፊልድ፣ በጎዳርድ ኮሌጅ ስብሰባ አደረገ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ከኒው ዮርክ፣ ከብሩክሊን የመጣ፣ ዕድሜው ሠላሳ የደረሰ፣ ስሙ የማይታወቅ በርኒ ሳንደርስ የሚባል ሰው ተቀምጦ ነበር። ለሴኔት የሚወዳደር ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ እጁን አወጣ፤ ጉባኤውም ተቀበለው። በእኔ አስተያየት የትንሽ ፓርቲ የመጀመሪያው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በትልቅ ፓርቲ ደጅ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ቢቆም፣ ገንዘብህ የት አለ፣ ዘመድህ ማን ነው፣ ስንት ዓመት አገለገልህ ተብሎ ከአጥሩ ውጭ በቀረ ነበር። ትንሽ ፓርቲ ግን ለመምረጥ የሚበቃ ሰው ስለሌለው በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ድህነቱ የእንግዳ ተቀባይነቱ ምክንያት ይሆናል።

ሳንደርስ በሊበርቲ ዩኒየን ስም አራት ጊዜ ተወዳደረ። በ1972 ጥር ላይ በተደረገው የሴኔት ማሟያ ምርጫ ከመቶ 2.2 ድምፅ አገኘ፤ በቁጥር 1,600 ሰው ያህል መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለገዥነት ተወዳድሮ ወደ 1.1 ወረደ። በ1974 ለሴኔት 4.1፣ በ1976 ለገዥነት 6.1 ከመቶ አገኘ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ የሊበርቲ ዩኒየን እንቁላል ግን በመካከሉ ወደ ኋላም ተራምዶ ነበር። ያም ሆኖ በስድስት ዓመት ውስጥ ከምንም ተነሥቶ ከመቶ 6 መድረስ፣ ያለ ባለጸጋ ደጋፊና ያለ ትልቅ ጋዜጣ፣ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ምን ብለው ነበር የሚቀሰቅሱት? ጦርነቱ ይቁም ይሉ ነበር። ግብር በሀብታሙ ላይ ይክበድ ይሉ ነበር። የመብራትና የስልክ ኩባንያዎች ዋጋ እንጨምር ባሉ ጊዜ ተነሥተው ይሟገቱ ነበር፤ መብራት ለሕዝብ የሚያስፈልግ ነገር ከሆነ ባለቤቱም ሕዝብ መሆን አለበት ይሉ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ትልቅ ትምህርት አለው። በእኛ ክበብ ውስጥ ስለ ምርት ኃይሎችና ስለ ምርት ግንኙነት የሚነገረው ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ ከመጽሐፍ ጋር ይታረቅ ነበር እንጂ ወደ አንዲት እናት የመብራት ሒሳብ ወረቀት የሚወርድበት ጊዜ ጥቂት ነበር። የቨርሞንት ግራዎች ሶሻሊዝምን ሲያስረዱ መነሻቸው ከወተት ላም አርቢው ኪስ በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ ነበር። የተሸነፉትም በዚህ ቋንቋ እየተናገሩ ነው። ቋንቋው ግን በሰሚው ጆሮ ቀረ።

በ1977 ሳንደርስ ፓርቲውን ለቀቀ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ፓርቲው በምርጫ ሰሞን ብቻ የሚነቃ እየሆነ ሄዷል፤ በምርጫና በምርጫ መካከል ባሉት ወራት በሠራተኛው የዕለት ትግል ውስጥ አይገኝም ሲል ነበር። ዳይመንድስቶን ግን ቀረ። ሁለቱ የቅርብ ጓደኞች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንደኛው በግሉ፣ ከዚያም ከዴሞክራቶች ጋር እየተቀራረበ ወደ ሥልጣን ሲወጣ፣ ሌላኛው በዚያችው በትንሿ ፓርቲ ስም ከ1970 ጀምሮ በ2017 በ82 ዓመቱ እስከ ሞተ ድረስ በየምርጫው ለአንዱ ወይም ለሌላው ሥልጣን እየተወዳደረ፣ እየተሸነፈ ኖረ። በ1990 እና በ2006 ሳንደርስን ራሱን ተቃውሞ ተወዳድሯል። ያገኘው ድምፅ ከመቶ 1 አይደርስም ነበር። የዳይመንድስቶን አቋም የታወቀ ነው፤ ከገዢ መደብ ፓርቲ ጋር በአንድ ገበታ የተቀመጠ ሰው ሶሻሊስት ነኝ ሊል አይገባውም ባይ ነበር። የቀድሞ ጓደኛውን በአደባባይ ከመንቀፍ አርባ ዓመት ሙሉ አልቦዘነም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምናገረው አለኝ። የግራ ሰዎች ጠብ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማየት ከቨርሞንት መውጣት አያስፈልግም። ባሪ የምትባል ከተማ አለች፤ ከምድሯ ግራጫ ጥቁር ድንጋይ የሚወጣባት፣ ከጣሊያን የተሰደዱ ድንጋይ ጠራቢዎች ሥራ ፍለጋ የጎረፉባት ከተማ ናት። ሠራተኞቹ ሶሻሊስቶችና አናርኪስቶች ነበሩ። በ1900 በገዛ ጉልበታቸው የሶሻሊስት ሌበር ፓርቲን አዳራሽ ሠሩ፤ በግንባሩም ላይ መዶሻ የጨበጠ ክንድ በድንጋይ ቀርጸው አኖሩበት። በ1912 በማሳቹሴትስ የሎረንስ ሸማኔዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከልጆቻቸው 35ቱን የተቀበሉት የባሪ ሰዎች ናቸው። በ1913 ከአዳራሹ ጀርባ የኅብረት ሥራ ዳቦ ቤት በጡብ ሠሩ። በዚሁ አዳራሽ በ1903 ጥቅምት ላይ ሰው ተሰብስቦ አንድ ሶሻሊስት ተናጋሪ ሲጠባበቅ በሶሻሊስቶችና በአናርኪስቶች መካከል ጠብ ተነሣ፤ ሽጉጥ ተተኮሰ፤ ኤልያ ኮርቲ የሚባለው ቀራፂ ተመትቶ ሞተ። ኮርቲ ባሪ ውስጥ ለስኮትላንዱ ባለቅኔ ለሮበርት በርንስ በቆመው ሐውልት ሥር ያሉትን ምስሎች የቀረጸ ሰው ነው። ወንድሙና የሚስቱ ወገን በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ የራሱን ምስል ቀርጸው በመቃብሩ ላይ አኖሩት፤ የሥራ መሣሪያዎቹን ከጎኑ አድርጎ ተቀምጦ ይታያል። ሁለቱም ወገን ለሠራተኛው መብት ቆሜያለሁ ይል ነበር። የሞተው ግን ሠራተኛ ነው።

ከዚያ ጥይት ሰባ አራት ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ክፍለ ግዛት፣ ሌሎች የግራ ሰዎች ስለ መሥመር ተጣሉ። የተጣሉትም በመራራ ቃል ነው። ነገር ግን አንዱ በአንድ በር ወጣ፣ ሌላው በቤቱ ቀረ፤ ሁለቱም ሸመገሉ። ዓመቱ 1977 መሆኑን ልብ ይሏል፤ በእኛ አቆጣጠር 1969 እና 1970 ዓ.ም. የሚገናኙበት ዓመት። አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነበቡ፣ አንድ ዓይነት መዝሙር የዘመሩ ወጣቶች በመሥመር ልዩነት ተከፍለው የሚገዳደሉበት፣ የቀይ ሽብር ዐዋጅ በየጎዳናው ሬሳ ያሰጣበት ዓመት ነበር። ከእኔ ጋር በአንድ ክበብ ተቀምጠው፣ ከአንድ ጽዋ ሻይ ጠጥተው ከተከራከሩት መካከል በሁለት ጎራ ተሰልፈው በሁለቱም ጎራ የተቀበሩ አሉ። ስማቸውን አልጠራም። የልዩነታቸው ጭብጥ ምን ነበር ብሎ ዛሬ አንድ ተማሪ ቢጠይቀኝ በግማሽ ሰዓት ላስረዳው እችላለሁ። ለምን እንደ ሞቱበት ግን በዕድሜ ልክም አስረድቼ የምጨርሰው አይመስለኝም።

ስለዚህም ዳይመንድስቶን ሲሸነፍ ኖረ የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ሌላው የሚስቅበት ቦታ ላይ እኔ አልስቅም። ተሸንፎ መኖር ራሱ ዕድል ነው፤ ትልቅ የፖለቲካ ሀብት ነው። ተሸንፎ ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ራቱን በልቶ፣ በሁለተኛው ዓመት እንደ ገና ተነሥቶ «ትክክለኛው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ያለበት አገር፣ ሐሳቡ ስሕተት ቢሆን እንኳ በነፃ ይሞግታል፤ ሐሳቡ እውነት ቢሆን ደግሞ ከሰውዬው ጋር አብሮ አይቀበርም።

ሐሳቡ አለመቀበሩን ማስረጃው ያሳያል። ሳንደርስ ከፓርቲው ከወጣ በኋላ ለትምህርት ቤቶች የሚሆኑ የታሪክ ፊልሞች ያዘጋጅ ጀመር፤ በ1979 ስለ አሜሪካዊው ሶሻሊስት ስለ ዩጂን ዴብስ ዶኩመንተሪ ሠራ። መምህራን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እወዳለሁ፤ አምስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረውንና አንድም ጊዜ ያላሸነፈውን ዴብስን ለልጆች ማስተማር፣ አራት ጊዜ ተሸንፎ ለወጣ ሰው ተራ ሥራ አልነበረም። በ1981 የበርሊንግተን ከተማ ከንቲባነት ምርጫ በግሉ ቀርቦ በ10 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። እስከ 1989 በከንቲባነት ቆየ። በ1984 በከተማው ገንዘብ የተደገፈ የኅብረተሰብ መሬት ይዞታ ማኅበር ተቋቋመ፤ ማኅበሩ መሬቱን በእጁ እያስቀረ ቤቱን ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በሚችለው ዋጋ የሚያስገኝ ነው። የመብራት ዋጋ ክርክር ወደ ቤት ዋጋ ተሸጋግሮ በተግባር ተገለጸ ማለት ይቻላል። ይኸው ሰው በ2016 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ሲወዳደር ከ13 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኘ። ስለ ግብር፣ ስለ ሕክምናና ስለ ጥቂት ባለጸጎች ሥልጣን የተናገረው በመሠረቱ በ1972 ለ1,600 ሰዎች የተናገረው ነው።

ከምርጫው ውጭም ያ ዘመን በቨርሞንት የተወው ነገር አለ። ጀርመናዊው ቀራፂ ፒተር ሹማን በኒው ዮርክ የመሠረተውን «ዳቦና አሻንጉሊት» የተባለ የቴአትር ቡድን በ1970 ወደዚያው ወደ ጎዳርድ ኮሌጅ አመጣው፤ በ1974 ወደ ግሎቨር መንደር ተሻገረ። ቡድኑ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በየጎዳናው ያዞራቸው ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ አሻንጉሊቶች የታወቁ ናቸው። ሹማን በእርሾ ያቦካውን የአጃ ዳቦ በእጁ እየጋገረ ለተመልካቹ ያድላል፤ ኪነ-ጥበብ እንደ ዳቦ ለሰው ልጅ የሚያስፈልግ ነገር ነው የሚል እምነት አለውና። ቡድኑ የሊበርቲ ዩኒየን ክንፍ አልነበረም፤ እንዲያ ነበር ለማለትም አልሻም። ነገር ግን አንድ ዓይነት አፈር ሁለቱንም አብቅሏል። የባሪው የኅብረት ዳቦ ቤትም ከብዙ ዘመን በኋላ ታድሶ ምድጃው እንደ ገና ነድዷል። አዳራሹ ራሱ ከሠራተኞቹ እጅ ወጥቶ የቲማቲም ማሸጊያ እስከ መሆን ከደረሰ በኋላ በ1995 የከተማው የታሪክ ማኅበር ገዝቶ አድኖታል፤ በ2000 ደግሞ በአገር አቀፍ የታሪክ ቅርስነት ተመዝግቧል።

እርሾን የባልትና ባለሙያ ሁሉ ታውቀዋለች። ሊጥ ቦክቶ ካለቀ በኋላ ከቡሃቃው ሥር ጥቂት ይተርፋል፤ ለሚቀጥለው ቡኮ ይጠበቃል። ከቤት ያለቀ እንደ ሆነ ከጎረቤት ይዋሱታል። ለብቻው አይበላም፤ ሆድ አይሞላም፤ በገበታ ላይ እንጀራው ይመሰገናል እንጂ ስለ እርሾው የሚያነሣ የለም። ለእኔ ሊበርቲ ዩኒየን እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከእርሱ የተወሰደው ጥቂት ነገር በበርሊንግተን ቡሃቃ ገብቶ አቦካ፤ ከዚያም በ1999 እና በ2000 መካከል ራሱን የቻለው የቨርሞንት ፕሮግሬሲቭ ፓርቲ ተጋገረ። ይህም ፓርቲ በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት መቀመጫ ያገኘ፣ አባሉ ዴቪድ ዙከርማን በ2016 በምክትል ገዥነት እስከ መመረጥ የደረሰ ነው።

ምሳሌው ግን ሁሉን አይገልጽም። እርሾ አይቆጣም፤ ሰው ይቆጣል። ዳይመንድስቶን የሌላ ሰው እንጀራ ማቡኪያ ልሁን ብሎ አልተነሣም፤ የፈለገው ሶሻሊዝምን ራሱን ነበር። ቁጣውንም እንዲያው የግትር ሰው ነገር ብሎ ማለፍ ፍርድ ማጉደል ይሆናል። ምክንያቱን ከዚያው ከቨርሞንት ታሪክ ማየት ይቻላል። በ2002 ለምክትል ገዥነት በተደረገው ምርጫ የፕሮግሬሲቩ ዕጩ አንተኒ ፖሊና ከመቶ 25 ያህል ድምፅ አገኘ፤ ዴሞክራቱ ፒተር ሸምሊን ሁለተኛ ሲወጣ ሪፐብሊካኑ አሸነፈ። ድምፅ ከፋፋዮች የሚለው ወቀሳም ተሰማ። በ2010 ይኸው ሸምሊን ለገዥነት ሲቀርብ ለሁሉም የሚሆን አንድ የሕዝብ የጤና መድን አቋቁማለሁ ስላለ፣ ፕሮግሬሲቮች ዕጩ ሳያቀርቡበት ቀሩ። ሸምሊን በጠባብ ብልጫ አሸነፈ። በ2011 ሕጉ ወጣ። በ2014 መጨረሻ ግን የሚጠይቀው ግብር ከባድ ነው ተብሎ ዕቅዱ በራሱ በገዥው ቃል ተተወ። ፕሮግሬሲቮች ወንበሩን ለቀቁ፤ የተገባላቸውን ቃል ግን አላገኙም። ከትልቁ ጋር የሚሄድ ትንሽ መንገዱ የማን እንደ ሆነ ይረሳል የሚሉት ሰዎች ያለ ነገር አልተናገሩም።

በሌላ በኩል ሳንደርስ በ1977 የሰነዘረው ነቀፌታም በጊዜ ብዛት ማስረጃ አላጣም። ከእርሱ በኋላ ሊበርቲ ዩኒየን የጥቂት ታማኞች ማኅበር ሆነ። በየሁለት ዓመቱ ስም ማስመዝገብ፣ ከክርክር መድረክ ሲያገልሉ መጮኽ፣ ከመቶ 1 ማግኘት እንደ ዓመት በዓል የሚደጋገም ሥርዓት ሆነ። ከዳይመንድስቶን ሞት በኋላም ፓርቲው ስሙን ቀይሯል። ንጽሕናን ብቻ የያዘ ድርጅት ቀስ በቀስ ሰው አልባ ይሆናል፤ ሥልጣንን ብቻ ያየ ደግሞ ሰው ሞልቶለት ዓላማ አልባ ይሆናል። ይህን ሁለት ገጽ ሚዛን የሚጠብቅ ቀመር ከአንዳችን እጅ የለም። በቨርሞንት ግን ሁለቱም ወገን ስለ ኖረ፣ አንዱ ለሌላው ነቃፊ ሆኖ ቆየ። ቢሮ የገባውን ውጭ የቀረው ይከሰዋል፤ ውጭ የቀረውን ቢሮ የገባው በሥራ ይሞግተዋል። ሕዝቡ በመካከል ቆሞ ይመዝናል። የአንደኛው ወገን ድምፅ በሽጉጥ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የቀረው ወገን ትክክለኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ብቻውን ስለ ቀረ ብቻ ትክክለኛ ነኝ ይል ነበር። ይህን ዓይነቱን ብቸኛ ትክክለኛነት የእኔ ትውልድ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር ለሦስት ዓይነት ሰዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በድርጅት ሥራ ላይ ያለ ሰው የአባላቱንና የመቀመጫውን ቁጥር ከቆጠረ በኋላ ሌላ ጥያቄም ይጠይቅ፤ ከእኛ የተለየው ሰው ዛሬ የት ነው፣ በሰላም ቤቱ ይገባልን? የዚህ ጥያቄ መልስ ከማናቸውም የጉባኤ ውሳኔ ይበልጥ ስለ ድርጅቱ ይመሰክራል። መምህር ደግሞ የአሸናፊዎችን የስም ዝርዝር ካስጠና በኋላ ስለ ተሸናፊዎችም አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጥ፤ ዛሬ እንደ ቀላል ነገር የምንቀበለው ሐሳብ ትናንት ከመቶ 1 ሰው ብቻ የመረጠው ሊሆን ይችላልና። የኪነ-ጥበብ ሰው ግን የባሪውን መቃብር ያስብ። የኮርቲ ወገኖች በበቀል ፈንታ መሮ አነሡ፤ የገደለውን ሰው ሳይሆን የሞተውን ሠራተኛ ከነመሣሪያው ቀረጹ። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ያ ጠብ በምን ነጥብ እንደ ተነሣ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ በድንጋዩ ፊት ግን ሰው ዛሬም ይቆማል።

ትንሽ ፓርቲ የአንድ ሕዝብ የትዕግሥት መለኪያ ነው። በዚያ አገር የሚኖረው አናሳው፣ የማያሸንፈው፣ አንዳንዴም የሚያሰለቸው ወገን በሰላም መሸምገል ከቻለ፣ ትልቁም ወገን ያለ ፍርሃት ሊሸነፍ ይችላል። እርሾውን ዋጋ የለውም ብሎ ከቡሃቃው ጋር ያጠበ ቤት፣ በማግሥቱ ዱቄት ሞልቶት ሳለ የሚያቦካበት ያጣል።